የናፍጣ ሴዳንና የቤንዚን ሀችባክ፦ ፈጥኖ የሚሸመጥጠው የትኛው ነው?

«የናፍጣ መኪና ጉልበት አለው፣ የቤንዚን መኪና ግን ሯጭ ነው» የሚለው አባባል በሾፌሮችና በመካኒኮች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ተማሪዎቻችንም ስለ ሞተር በተነሣ ቁጥር ይህንኑ ይደግሙልናል። አባባሉ ፍጹም ስሕተት ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ «ጉልበት የምትሉት ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ ይድበሰበሳል። አንዱ ኃይል ማለቱ ነው፤ ሌላው ቶርክ፤ ሦስተኛው ደግሞ በፈረስ ጉልበት የሚለካውን አቅም። ሦስቱ የተለያዩ መጠኖች ናቸው፤ የየራሳቸው መለኪያም አላቸው። በዚህ ጽሑፍ በእውን የተሠሩ ሁለት መኪኖችን ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙም ሳንርቅ፣ ክርክሩን በስሌት ለመዳኘት እንሞክራለን። ወረቀትና ካልኩሌተር ይዞ የሚያነብ አንባቢ ከእኛ ጋር አብሮ ቢያሰላ ይጠቀማል።

በቅድሚያ ስለ ቃላቱ እንስማማ። ሽምጠጣ ስንል ፍጥነት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚለወጥበትን መጠን ማለታችን ነው። የኒውተን ሁለተኛ ሕግ እንደሚያስተምረን፣

ሽምጠጣ = የተጣራ ኃይል ÷ መጠነ ቁስ

ነው። ቶርክ ደግሞ የማዞር ብርታት ሲሆን፣ ኃይሉ ከመዞሪያው እምብርት ባለው ርቀት ተባዝቶ ይገኛል፤ መለኪያው ኒውተን ሜትር ነው። አቅም የምንለው በአንድ ሰከንድ የሚሠራውን ሥራ ሲሆን የሚለካው በዋት ነው። የፈረስ ጉልበት የሚባለውም ይኸው አቅም ነው፤ በአውሮፓ መኪና ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው አንድ የፈረስ ጉልበት 735.5 ዋት ነው። አቅምን በሁለት መንገድ ልንጽፈው እንችላለን።

አቅም = ኃይል × ፍጥነት
አቅም = ቶርክ × የመዞር ፍጥነት

በሁለተኛው ቀመር የመዞር ፍጥነት በራዲያን በሰከንድ መሆን አለበት። በሞተር ሰሌዳ ላይ የሚታየውን ዙር በደቂቃ ለ9.55 ብናካፍለው ይህንኑ እናገኛለን። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእነዚህ ሦስት ቀመሮች የሚፈልቅ ነው።

አሁን ወደ መኪኖቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ቢኤምደብሊው 330ዲ የተባለው የናፍጣ ሴዳን ነው፤ ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ዓይነት እንወስዳለን። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደርና ቱርቦ ያለው ባለ 3 ሊትር ነው። በ4,000 ዙር 150 ኪሎዋት (204 የፈረስ ጉልበት) ያወጣል። ከፍተኛ ቶርኩ 410 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ይህም ከ1,500 እስከ 3,250 ዙር ድረስ ሳይዋዥቅ ይዘልቃል። ክብደቱ ወደ 1,500 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር ስዊንደን ከተማ ከ2001 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ነው፤ የኋላ በሩ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ለፍጥነት ወዳጆች የተዘጋጀ ሀችባክ። ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ 2 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ቱርቦ የለውም። በ7,400 ዙር 147 ኪሎዋት (200 የፈረስ ጉልበት) ያወጣል፤ ከፍተኛ ቶርኩ በ5,900 ዙር 196 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ክብደቱ 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ሁለቱም በእኛ ጎዳናዎች ላይ በብዛት የሚታዩ አይደሉም። የመረጥናቸው ቁጥሮቻቸው ለፊዚክስ መምህር ታስበው የተሠሩ ስለሚመስሉ ነው። አቅማቸው ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ የናፍጣው ቶርክ ግን የቤንዚኑን ከእጥፍ በላይ ያህላል። ሽምጠጣን የሚወስነው የሞተር ቶርክ ቢሆን ኖሮ ሲቪኩ ገና ከመነሻው ተሸንፎ መቅረት ነበረበት። በተግባር ግን ሁለቱም ከቆሙበት ተነሥተው 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 7 ሰከንድ ገደማ ይወስድባቸዋል፤ እንዲያውም ሲቪኩ በጥቂት አሥረኛ ሰከንዶች ይቀድማል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ምሥጢሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ትልቁን የኋላ ጥርስ ሲመርጥ ፔዳሉ ይቀላል፤ እግሩ ግን ደጋግሞ መዞር አለበት። ማርሽ ቶርክን ያበዛል፤ በምትኩ የመዞር ፍጥነትን ያንሳል። የማይለወጠው የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም አቅሙ ነው። በ7,400 ዙር የሚጮኽ ሞተር ጎማውን በተወሰነ ፍጥነት ለማዞር በ4,000 ዙር ከሚሠራው ሞተር ይልቅ ሁለት ጊዜ ያህል የሚቀንስ ማርሽ ያስፈልገዋል፤ ያም ማርሽ ቶርኩን በዚያው ልክ ያበዛለታል።

በቁጥር እንየው። መኪኖቹ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ማለትም 27.8 ሜትር በሰከንድ፣ በመጓዝ ላይ ናቸው እንበል። የጎማው ራዲየስ 0.31 ሜትር ቢሆን፣ ጎማው በደቂቃ 856 ጊዜ ይዞራል። ሁለቱም ሞተሮች በዚያች ቅጽበት ከፍተኛ አቅማቸው ላይ እንዲሆኑ የሚያደርግ ማርሽ አግኝተናል ብለን እናስብ። ለሲቪኩ ጠቅላላ የማርሽ ምጣኔ 7,400 ለ856 ሲካፈል 8.64 ይሆናል፤ ለቢኤምደብሊው 4,000 ለ856 ሲካፈል 4.67። በእነዚህ ዙሮች የሲቪኩ ቶርክ 190፣ የቢኤምደብሊው 358 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህን ከአቅሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስላት ይቻላል። እንግዲህ ጎማው ላይ የሚደርሰው ቶርክ ለሲቪኩ 190 × 8.64፣ ወደ 1,640 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ለቢኤምደብሊው 358 × 4.67፣ ወደ 1,670 ኒውተን ሜትር ነው። ያ ሁሉ ልዩነት ጎማው ዘንድ ሲደርስ ጠፋ። በራዲየሱ ብናካፍል መንገዱን የሚገፋው ኃይል 5,290 እና 5,390 ኒውተን ገደማ ይወጣል። ከመነሻውም 147,000 ዋትን ለ27.8 ብናካፍል ያው 5,290 ኒውተን በአንድ መስመር ይገኝ ነበር፤ ማርሹን፣ ጎማውንና ዙሩን ማስላት ባላስፈለገንም ነበር።

ኃይሎቹ እኩል ከሆኑ ፍርዱን የሚሰጠው መጠነ ቁስ ነው። ሹፌሩን ጨምረን ሲቪኩን 1,280፣ ቢኤምደብሊውን 1,580 ኪሎ ግራም እናድርጋቸው። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚኖራቸው የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ 494 እና 610 ኪሎጁል ነው። ይህን በአቅማቸው ብናካፍል ሲቪኩ 3.4፣ ቢኤምደብሊው 4.1 ሰከንድ ይበቃቸዋል ማለት ነው። እውነተኛው ጊዜ ግን የዚህ እጥፍ ያህል ነው። ትጉህ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ «የቀረው ጉልበት የት ገባ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከፊሉ በካምቢዮና በዲፈረንሻል ጥርሶች መካከል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከፊሉ ጎማዎችንና የሞተሩን ተሽከርካሪ ክፍሎች ለማፍጠን ይውላል፤ ከፊሉን አየሩ ይወስደዋል። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ በሚቀይርበት ቅጽበት ደግሞ ጎማው ምንም አይቀበልም። ከሁሉ የሚበልጡት ግን ሁለት ምክንያቶች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንደኛው የጎማ ነው። በአንደኛ ማርሽ ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል ጎማው ሳይንሸራተት ሊያስተላልፈው ከሚችለው ይበልጣል። ደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃ ቁጥሩ 0.9 ነው እንበል። ሲቪኩ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ነው፤ መኪና ሲሸመጥጥ ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸጋገራል። (ሚኒባስ ድንገት ሲነሣ ቆሞ የነበረው ተሳፋሪ ወዴት እንደሚያዘነብል ያስታውሷል።) ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶው በፊት ጎማዎቹ ላይ ቢያርፍና የስበት ማዕከሉ ከፍታ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ካለው ርቀት አንድ አምስተኛ ቢሆን፣ ከፍተኛው ሽምጠጣ

0.9 × 0.60 × 9.8 ÷ (1 + 0.9 × 0.2) = 4.5 ሜትር በካሬ ሰከንድ

ይሆናል። ቢኤምደብሊው የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ስለሆነ የክብደቱ መሸጋገር ያግዘዋል። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ተከፍሎ ቢሆን እንኳ በቀመሩ ውስጥ ያለው የመደመር ምልክት ወደ መቀነስ ይለወጥና 5.4 ሜትር በካሬ ሰከንድ ይደርሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ቀላሉ መኪና ከብርሃንነቱ የሚገባውን ጥቅም ሁሉ አያገኝም። በስሌት ያገኘነው ሰፊ ብልጫ በተግባር ወደ ጥቂት አሥረኛ ሰከንዶች የጠበበበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሞተር ከፍተኛ አቅሙን የሚሰጠው በአንድ የዙር ቁጥር ላይ ብቻ መሆኑ ነው፤ «ጉልበት አለው» የሚለው አባባል እውነትነት የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው። በ2,000 ዙር የቢኤምደብሊው ሞተር 410 × 2,000 ÷ 9.55፣ ማለትም ወደ 86 ኪሎዋት ያወጣል፤ ይህም ከጠቅላላ አቅሙ ከግማሽ በላይ ነው። ሲቪኩ በዚያው ዙር ቶርኩ ከ196 ሊበልጥ ስለማይችል ቢበዛ 41 ኪሎዋት ብቻ ይኖረዋል። በ3,000 ዙር ንጽጽሩ 129 ለ62 ነው። የናፍጣው ሞተር አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በዚያው ሙቀት ነው፤ ካንዴላ አያስፈልገውም። ቱርቦው በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ስለሚያስገባለት በዝቅተኛ ዙርም ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይችላል። በአንጻሩ ክፍሎቹ ከባድ፣ ቃጠሎውም ዝግተኛ ስለሆነ ከፍ ባለ ዙር መሥራት አይወድም። የሆንዳው ሞተር ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቪቴክ የተባለው ስልት ከፍ ባለ ዙር የአየር ማስገቢያ በሮቹን ይበልጥ ስለሚከፍት ሞተሩ የሚነቃው የሌላው ሞተር ጉዞ በሚያበቃበት ቦታ ነው።

ከቆሙበት ተነሥቶ 100 መድረስ ለመጽሔት ማስታወቂያ ካልሆነ በቀር ብዙም አይጠቅምም ባዮች ነን። በሁለት መስመር መንገድ ላይ የሰው ሕይወት የሚወሰነው በሌላ ሽምጠጣ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪናን ለመቅደም በሚያስፈልገው። እዚህ ላይ ደግሞ የአገራችን ከፍታ ወደ ስሌቱ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚተነፍሰው አየር በዚያው መጠን ያንሳል፤ አቅሙም ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ባለ ቱርቦው ግን አየሩን ራሱ ስለሚጨምቅ፣ መጭመቂያው ከወሰኑ እስካላለፈ ድረስ፣ አብዛኛውን አቅሙን ይዞ ይቆያል። ጥቅሙ የናፍጣ ሳይሆን የቱርቦ መሆኑ ልብ ይባል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር በደጋ አገር ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያግተለትለው የሚረጨው ነዳጅ ሳይቀነስ አየሩ ብቻ ስለሚያንስበት ነው።

እንግዲህ በዚህ ከፍታ፣ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ፣ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና በ54 ኪሎ ሜትር በሰዓት (15 ሜትር በሰከንድ) ይጓዛል እንበል። ሁለቱ መኪኖቻችን በየተራ ከኋላው ናቸው፤ የሁለቱም ሞተር 2,000 ዙር ላይ ነው። ለመቅደም ከጭነት መኪናው አንጻር 45 ሜትር ማትረፍ አለባቸው፤ ይህም የጭነት መኪናውን ርዝመት፣ የራሳቸውን ርዝመትና ከፊትና ከኋላ የሚተው ክፍተትን ይጨምራል። ሹፌሮቹ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርሱ መሸምጠጣቸውን ያቆማሉ። በካምቢዮ የሚባክነውንና ቱርቦው እስኪነቃ የሚያልፈውን ጊዜ ትተን ለሁለቱም እናዳላላቸው።

ቢኤምደብሊው 86,000 ዋቱን በ15 ስናካፍለው ወደ 5,730 ኒውተን ይሰጠናል። ዳገቱ 930፣ የጎማና የአየር ተቃውሞው 270 ኒውተን ይቀንሱበታል። የቀረውን በ1,580 ብናካፍል ሽምጠጣው 2.9 ሜትር በካሬ ሰከንድ ይሆናል። ቶርኩ እስከ 3,250 ዙር ስለማይለወጥ ይህ ሽምጠጣ እስከ መጨረሻው ይጸናል ማለት ይቻላል። መቅደሙ 6.2 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ሲቪኩ 41 ኪሎዋቱ በከፍታው ምክንያት ወደ 31 ይወርዳል፤ ኃይሉ 2,050 ኒውተን ይሆናል። ከዚህ ዳገቱ 750፣ ተቃውሞው 240 ሲቀንሱበት በእጁ የሚቀረው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሽምጠጣው 0.83 ሜትር በካሬ ሰከንድ ነው፤ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይደርስ መቅደሙን ይጨርሳል፤ ጊዜው 10.4 ሰከንድ ነው።

በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ ከፊት ለፊት በ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚመጣ ሌላ መኪና ሊኖር ይችላል። የናፍጣው መኪና ለመቅደም 138 ሜትር ይጓዛል፤ መጪው በዚያው ጊዜ 155 ሜትር ይቀርባል፤ ስለዚህ 293 ሜትር ጥርት ብሎ የሚታይ መንገድ ያስፈልጋል። ለሲቪኩ 201 እና 260፣ በድምሩ 461 ሜትር። የ168 ሜትር ልዩነት በጠመዝማዛ ዳገት ላይ ከአንድ ኩርባ ይበልጣል። በወረቀት ላይ እኩል የፈረስ ጉልበት ያላቸው፣ ከቆሙበት ሲነሡ የቤንዚኑ የሚቀድምባቸው ሁለት መኪኖች ናቸው እንግዲህ ይህን ያህል የተራራቁት።

የሲቪኩ ሹፌር ግን መፍትሔው በቀኝ እጁ ነው። ነዳጅ ከመርገጡ በፊት ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ወደ 4,700 ዙር ቢያወጣው፣ ቶርኩ 196 ሆኖ ቢቆጠር፣ አቅሙ በዚያ ከፍታም 72 ኪሎዋት ይደርሳል። ኃይሉ 4,825 ኒውተን፣ ሽምጠጣው 3 ሜትር በካሬ ሰከንድ፣ ጊዜው እንደ ናፍጣው 6.2 ሰከንድ ይሆናል። ሞተሩ አልተለወጠም፤ ነዳጁም አልተለወጠም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ወይም ጩኸቱን ፈርተው በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ለመቅደም የሚሞክሩ ሹፌሮች ከሞተራቸው ግማሹን እቤት ትተው እንደ ወጡ ይቆጠራል። «የናፍጣ መኪና ጉልበት አለው» የሚለውን አባባልም እንግዲህ እንዲህ ብለን ብናስተካክለው ይሻላል፦ ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪና ማርሽ ሳይቀይሩለት በዝቅተኛ ዙር ሰፊ አቅም ይሰጣል።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስላገደች፣ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ወደ ፊት የሚነዱት ባለ ኤሌክትሪክ ሞተር መኪና ሊሆን ይችላል። ይህ ሞተር ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ቶርኩን ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየር ማርሽ የለውም፤ አየር ስለማይተነፍስም ከፍታ አያደክመውም። ባትሪው ግን ይከብዳል፤ በቀመራችን ውስጥ ያለው መጠነ ቁስ ደግሞ ለማንም አያዳላም። የጎማው ገደብም እንዳለ ነው።

መልመጃ፦ የሲቪኩን የ2,000 ዙር ስሌት በባሕር ወለል፣ በሜዳ ላይ ድገሙት። ተቃውሞውን ያው 240 ኒውተን አድርጉ፤ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ መሸምጠጡን እንደሚያቆም አትርሱ። መልሳችሁ 7.1 ሰከንድ ገደማ መምጣት አለበት። ከ10.4 ሰከንድ ጋር ካለው ልዩነት ምን ያህሉ የዳገቱ፣ ምን ያህሉ የከፍታው ድርሻ እንደ ሆነ ለይታችሁ አስሉ፤ ሁለቱን ድርሻዎች ለየብቻ አስልታችሁ ስትደምሯቸው ለምን ልክ 3.3 ሰከንድ እንደማይመጣም አስረዱ።